በትምህርት ቤት እንግዳ ስለ ሆነው ወንድም

የዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ በታወጀበት ሰሞን በአውቶቡስ መናኸሪያ ቆሞ የሚመለከት ሰው ብዙ ነገር ያስተውላል። እናት ለልጇ ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጥራ አንገቱን አቅፋ እያለቀሰች ትመርቀዋለች፤ አባት እንባውን ደብቆ ገንዘቡን በየትኛው ኪስ እንዲይዝ ያስጠነቅቀዋል፤ የንስሐ አባቱም ከተገኙ መስቀል አሳልመው ይሸኙታል። ይህ ልጅ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የእገሌ ልጅ፥ የእገሌ ደብር ዲያቆን፥ የእገሌ ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ እየተባለ ሲጠራ የኖረ ነው። አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ ግን በማግሥቱ በሚደርስበት ከተማ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ የለም፤ በመዝገብ ላይ የተጻፈ ቍጥር ይሆናል።

እንግዲህ፥ ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፥ ይህ ልጅ በዚያ ከተማ የማን ነው? ዩኒቨርሲቲው የሚተኛበትን አልጋና የሚበላውን እንጀራ ይሰጠዋል፤ መምህራኑም ዕውቀትን ይሰጡታል። «የማን ነህ» የሚለውን ጥያቄ ግን አልጋም መጽሐፍም አይመልሰውም። ጥያቄውም ረጅም ጊዜ አይታገሥም፤ ልጁ ከደረሰ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ይሻል። ቤተ ክርስቲያን ካልመለሰችለት የሚመልስለት ሌላ አይጠፋም። አንዱ «ቋንቋህ ቋንቋችን ነውና የእኛ ነህ፤ ከእነዚያ ተጠንቀቅ» ይለዋል፤ ሌላው በጫትና በመጠጥ ቤት ቦታ ያዘጋጅለታል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ጭንቀት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሕይወት ጠፋ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቶ ብዙ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በኅዳርም ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወላጆቻቸው በመጓዝ ላይ የነበሩ ተማሪዎች በመንገድ ታገቱ። በአንድ ክፍል አብረው የተኙና ከአንድ ማዕድ የበሉ ልጆች እርስ በርሳቸው ተፈራሩ። እንዲህ ያለው ፍርሃት በአንድ ሌሊት የሚበቅል አይደለም፤ አጠገብ ላጠገብ እየኖሩ ሳይተዋወቁ በቆዩበት እርሻ ላይ የሚዘራ ዘር ነው።

እኔም ከዚህ በደል ነጻ አይደለሁም። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለ ደብር በማገለግልበት ጊዜ አንድ ወጣት በየእሑዱና በየበዓሉ እየመጣ ከቅጥሩ በር አጠገብ ካለው ዋንዛ ሥር ቆሞ ያስቀድስ ነበር። ቅዳሴው ሲፈጸም መስቀል ይሳለማል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብዬው አልፋለሁ። እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ ቀረ። ስለ እርሱ ለመጠየቅ በፈለግሁ ጊዜ ስሙን አላውቀውም ነበርና ማንን ብዬ ልጠይቅ? ኋላ ከዘበኛው እንደ ሰማሁት አባቱ ሞቶበት ነበር፤ መርዶውንም በማደሪያ ክፍሉ ብቻውን ሆኖ በስልክ ሰማው፤ የሚያስተዛዝነውም ሰው ሳያገኝ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ዘበኛው ስሙን ያውቅ ነበር። እኔ ካህኑ ግን ያን ያህል ጊዜ መስቀል ሳሳልመው ስምህ ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።

ይህን ነገር ሳስብ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ሁለት ታላላቅ አባቶች ናቸው፤ ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ። ቅዱስ ባስልዮስን በቅዳሴው፥ ሁለቱንም በሃይማኖተ አበው በተጻፈው ትምህርታቸው እናውቃቸዋለን። ነገር ግን እነዚህ አባቶች ጳጳሳት ከመሆናቸው በፊት ከአገራቸው ርቀው የተማሩ ወጣቶች እንደ ነበሩ ብዙ ጊዜ አናስታውስም። በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አቴና የዛሬውን ዩኒቨርሲቲ የመሰለች ከተማ ነበረች፤ የንግግርንና የፍልስፍናን ትምህርት የሚፈልግ ሁሉ ከቀጰዶቅያም ከአርማንያም ከሌላም አገር ወደ እርስዋ ይጐርፍ ነበር። ጎርጎርዮስ አስቀድሞ ደረሰ፤ ባስልዮስም በቂሣርያና በቍስጥንጥንያ ከተማረ በኋላ ተከትሎት መጣ።

የአቴና ተማሪዎች በየመምህሮቻቸው ስም ተከፋፍለው ይጣሉ ነበር። አዲስ ተማሪ በመጣ ጊዜ የየወገኑ ሰዎች ከመንገድና ከወደብ ጀምረው ይሻሙበታል፤ ከዚያም በክርክር ያፋጥጡታል፥ ይቀልዱበታል። በመጨረሻም ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው በገበያው መካከል ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱታል፤ በሩ ሲደርሱም እየጮኹና በሩን እየደበደቡ ያስደነግጡታል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ እንደ እነርሱ አንዱ ይቈጠራል። ጎርጎርዮስ ራሱ ይህን የጻፈው ባስልዮስ ካረፈ በኋላ እርሱን በማመስገን በተናገረው ንግግር ውስጥ ነው። በዘመናችንም ነባር ተማሪ በአዲሱ ላይ የሚቀልደው ቀልድ ከዚህ ብዙ የራቀ አለመሆኑን የሚያውቅ ያውቃል።

ጎርጎርዮስ የባስልዮስን ትሕትናና የጠባዩን ክብደት አስቀድሞ ያውቅ ስለ ነበር ባልንጀሮቹን ለምኖ ይህ ፌዝ እንዳይደረግበት አስቀረለት። ስብከት አልሰበከለትም፤ ማኅበርም አላቋቋመለትም፤ በመጣባት ቀን ከኀፍረት አዳነው። ወዳጅነታቸው ከዚህች ትንሽ ነገር እንደ ጀመረ ጎርጎርዮስ ይመሰክራል። የተማሪዎችን ጉባኤ የምትመሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህችን እንድታስተውሉአት እለምናለሁ። ሰው ለሁለት ዓመት የሰማውን ስብከት ይረሳል፤ በመጣባት ቀን ሻንጣውን የተሸከመለትን ሰው ግን አይረሳም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል፤ ጎርጎርዮስ የራሱን ጥፋት የሚናገርበት ስለ ሆነ። ከአርማንያ የመጡ፥ ባስልዮስንም ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቁት ተማሪዎች በቅንዓት ተነሥተው በክርክር ሊያሳፍሩት ሞከሩ። ጎርጎርዮስም መጀመሪያ የአቴና ክብር እንዳይነካ ብሎ እነርሱን ረዳቸው። ወገኔ ለሚለው ከተማ አደላ ማለት ነው። ኋላ ግን የተነሡት በቅንዓት መሆኑን ባወቀ ጊዜ ወዲያው ተመልሶ ከባስልዮስ ጎን ቆመ። እኔ እንደሚመስለኝ በዛሬዎቹ የተማሪ ግቢዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገን ይህ ዓይነት ሰው ነው፤ ወገኔ ያለው ቡድን በተሳሳተ ጊዜ በዚያው ቦታ ሐሳቡን ለመለወጥ የማያፍር።

ባስልዮስም ወዲያው ደስ አላለውም። በአቴና ብዙ ተስፋ አድርጎ ስለ መጣ ያገኘው ነገር አነሰበትና አዘነ፤ ልቡም ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደዚያ ያለ ታላቅ አባት እንኳ በትምህርት ቤት መጀመሪያ ዓመት ተክዞ ነበርና ዛሬ የሚተክዝ ተማሪ ቢኖር እምነት ጐደለው አትበሉት። ጎርጎርዮስ አጽናናው፤ የሰው ጠባይ በአንድ ቀን የማይታወቅ፥ ትምህርትም በጥቂት ፈተና የማይመዘን መሆኑን አስረዳው። ከዚያ በኋላ አንድ ቤትና አንድ ማዕድ ሆነላቸው። ሁለት መንገድ ብቻ ያውቁ ነበር፤ አንደኛው ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራነ ሃይማኖት፥ ሁለተኛው ወደ ዓለማዊው ትምህርት መምህራን የሚወስድ ነው፤ ወደ ዘፈንና ወደ ጨዋታ የሚወስደውን መንገድ ለሌሎች ተዉት። ብዙ ወጣቶችም በዙሪያቸው ተሰበሰቡ።

በዚያው ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ355 ዓ.ም.፥ ኋላ ንጉሥ ሆኖ ሃይማኖቱን የካደው ዮልያኖስ በአቴና ተማሪ ነበር፤ ጎርጎርዮስም በዚያ አይቶታል። ከተማዋ አንዲት ናት፥ የሚሰጠውም ትምህርት አንድ ዓይነት ነው፤ ፍሬው ግን ተለያየ። የልዩነቱ ምክንያት ሁሉ ባልንጀራ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የሰው ልብ ጥልቅ ነውና። ነገር ግን ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት ስንልክ የትምህርቱን ዓይነት ብቻ እየመረመርን ከማን ጋር እንደሚበሉ ሳንጠይቅ መቅረታችን ትልቅ ስሕተት ነው።

ይህ ወዳጅነት ኋላ ቅሬታ ደርሶበት እንደ ነበርም መደበቅ አይገባም። ባስልዮስ ሊቀ ጳጳሳት ከሆነ በኋላ ጎርጎርዮስን በማይወድዳት በሳሲማ ከተማ ላይ ጳጳስ አድርጎ ሾመው፤ ጎርጎርዮስም እጅግ አዘነ። ቢሆንም ባስልዮስ ባረፈ ጊዜ ያን ረጅም ምስጋና የተናገረለት ይኸው ያዘነበት ወዳጁ ነው። ባስልዮስም በበኩሉ ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድኆች፥ ለሕሙማንና ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆን ታላቅ ሥፍራ አሠርቶ ነበር። በአቴና እንግዳ ሆኖ የተቀበሉት ሰው በአገሩ እንግዳ ተቀባይ ሆነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከቤቱ ርቆ መማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፥ ለቅዳሴ ወደ ሰላልኵላ፥ ለቅኔ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር እየተጓዘ ሲማር ኖሯል። አውቶቡስ አልነበረም፤ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቦ በእግሩ ይሄዳል። ሲደርስ ማን ይቀበለዋል? አስቀድመው የመጡት ተማሪዎች በጎጆአቸው ያስጠጉታል፤ የራሱን ጎጆ ሲሠራም እንጨት ይቈርጡለታል፥ ሣር ያጭዱለታል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚለምንበትን መንደር፥ የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለው ሳይቀር ያሳዩታል። የኔታ ሁሉን አንድ በአንድ ለማስተማር ስለማይችሉ የቀደመው ለተከተለው ቀለም ይነግረዋል። የተማሪ ማኅበራዊ ኑሮ ስሌት ያልወጣለትና በደንብ ያልተጻፈ ነበር፤ ግን ይሠራ ነበር። በዚያ ኑሮ ውስጥ ድካምና በሽታ፥ አንዳንድ ጊዜም የትልልቆቹ ጭካኔ እንደ ነበረ የተማሩበት ሁሉ ይናገራሉ፤ ስለዚህ በማር የተቀባ ታሪክ አናድርገው። ነገር ግን ማንም ተማሪ ስሙ ሳይታወቅ ሦስት ወር አይቆይም ነበር።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር፥ በ1954 ዓ.ም.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥታቸውን ገነተ ልዑልን ለትምህርት ሰጥተው ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ተማሪው በቍጥር ጥቂት ነበር። በዚያም ወራት ሃይማኖተ አበው የተባለው የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበር ተነሥቶ ብዙ አገልግሏል። ከዚያም በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ የተላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚያ በረሐ ለጸሎት እየተሰበሰቡ የመሠረቱት ወንድማማችነት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ለተባለው ማኅበር መነሻ ሆነ፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የግቢ ጉባኤ የምንለው ሥርዓት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። በአንዱ የግቢ ጉባኤ የሚሰበሰበው ተማሪ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ አዳራሽ የሚሞላ ሆኗል። የምፈራውም እዚህ ላይ ነው፤ አዳራሽ ሲሞላ መሪዎች ሥራው የተፈጸመ ይመስላቸዋል። በሺሕ ሰው መካከል ቆሞ ዘምሮ ብቻውን ወደ ማደሪያው የሚመለስ ተማሪ ግን ከእንግድነት አልወጣም።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ሥርዓት ከሌላ ቦታ መዋስ አያስፈልጋትም፤ የጽዋ ማኅበር አላትና። በጽዋ ማኅበር አባላቱ በቍጥር የተወሰኑ ናቸው፤ በየወሩ በአንድ ቅዱስ ስም ተራ በተራ ይደግሳሉ፤ የቀረ ሰው ካለ «እገሌ ምን ሆነ?» ይባላል። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል፤ ሥራውም አባላቱን ማስተባበር፥ የታመመውን መጠየቅ፥ የተጣላውን ማስታረቅ ነው። የግቢ ጉባኤ በትልቁ አዳራሽ ከሚያደርገው ትምህርት ጋር እንዲህ ያለውን ትንሽ ማኅበር፥ ከአሥራ ሁለት ወይም ከአሥራ አምስት ሰው የማይበልጠውን፥ በየማደሪያ ሕንፃው ቢያበጅ መልካም ነው። ድግሱ የተማሪ ድግስ ይሁን፤ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ሙሴ ሆኖ የሚመረጠውም ድምፁ ያማረው ወይም በንግግር የሚራቀቀው ሳይሆን ማን እንደ ቀረ የሚያስተውለው ይሁን።

የአባላቱ አደላደል ግን በትውልድ አገር መሆን የለበትም። ከአንድ ወረዳ የመጡ ልጆች መፈላለጋቸው የተፈጥሮ ነው፤ አይነቀፍም። ማኅበሩ በዚያ ከተወሰነ ግን የጽዋ ማኅበር መሆኑ ቀርቶ በመስቀል የተሸፈነ ወገን ይሆናል።

ስለ ቋንቋም ጥቂት እንናገር፤ እዚህ ላይ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይመራናል። በኢየሩሳሌም በነበረችው በመጀመሪያዪቱ ማኅበር የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች በዕለት ምግብ እደላ ጊዜ መበለቶቻችን ተረሱ ብለው አጕረመረሙ። ሐዋርያት ማጕረምረሙን እንደ አመፅ አልቈጠሩትም፤ አንድነታችንን አታፍርሱ ብለውም አፋቸውን አልዘጉአቸውም። ማኅበሩን ጠርተው ሰባት ሰዎችን አስመረጡ። የሰባቱን ስም ተመልከቱ፤ እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጳርሜና፥ ኒቆላዎስ፤ ሁሉም የግሪክ ስም ነው፤ ኒቆላዎስም ከአንጾኪያ የመጣ፥ ወደ አይሁድነት ገብቶ የነበረ ሰው ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ማኅበሩ የምግብ እደላውን ሥራ ለቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን አስረከበ። ከመካከላቸውም የመጀመሪያው ሰማዕት ወጣ፤ ፊልጶስም ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው ነው።

እንግዲህ አንድ ተማሪ አፉን በፈታበት በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ወይም በወላይትኛ መጸለይና መማር ቢሻ፥ በጉባኤውም ውስጥ የሚያስበው ቢያጣ፥ ማጕረምረሙ ኃጢአት አይደለም። መፍትሔውም «ሁላችን አንድ ነን» የሚል ንግግር አይደለም፤ ይህን ንግግር ዘወትር የሚናገረው ያልተረሳው ሰው ነው። መፍትሔው ሐዋርያት እንዳደረጉት ከተረሱት መካከል መርጦ ሥራውንና ኀላፊነቱን መስጠት ነው። ከገጠር መጥታ በመጀመሪያው ዓመት በአዳራሹ ጥግ የምትቀመጠውን እኅታችንን፥ ዓይነ ስውሩንና መስማት የተሳነውን ተማሪም በዚሁ እንመልከታቸው፤ እንዲረዱ ብቻ ሳይሆን እንዲመሩም።

በአንድ ክፍል አብሮ የሚተኛው እስላም ወይም የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆንስ? ወንድማማችነታችን በጉባኤው ደጃፍ የሚቆም ከሆነ የጽዋ ማኅበራችን ከንቱ ነው። ጎረቤት ሲታመም ውኃ ማቅረብ፥ በሐዘኑ አብሮ መቀመጥ፥ በጾሙ ሰዓት ማክበር ሃይማኖትን አያስለውጥም፤ አገራችንም በዚህ ኖራለች።

ለካህናት የምለው አንድ ነገር አለ። ተማሪ ሲሄድ የንስሐ አባቱ በአገሩ ቀርተዋል፤ ብዙው ተማሪ አራትና አምስት ዓመት ያለ ንስሐ አባት ይቆያል። ልጁ ከመሄዱ በፊት የአጥቢያው ካህን ልጁ በሚማርበት ከተማ ወዳለ ካህን ቢደውሉ፥ «ልጄን አደራ» ቢሉ ምን ይጐድልባቸዋል? የተቀበሉት ካህንም ከምእመናናቸው መካከል በበዓል ቀን ሁለት ተማሪ ጠርቶ የሚያበላ ቤተ ሰብ አያጡም። ልጁ ለገና ወደ አገሩ መሄጃ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል፤ በዚያች ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ባዶ በሆነበት ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ አስቡ።

የጉባኤ መሪዎችም ራሳቸውን ይጠብቁ። በአገልግሎት ብዛት ትምህርቱን አጥቶ የተባረረ መሪ ለወላጆቹ ሐዘን፥ ለጉባኤውም ነቀፋ ነው፤ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ሁለቱንም መንገድ ያውቁ ነበር እንጂ አንዱን አልተዉም።

ስለ ተባረረው ተማሪ ካነሣን፥ ከሁሉ የተረሳው እርሱ ነው። ውጤት በተለጠፈ ማግሥት ነጥቡ ያልበቃለት ልጅ ዕቃውን ሸክፎ ማንም ሳያየው በሌሊት ይወጣል፤ ወደ ቤቱ ለመሄድ ስለሚያፍርም አንዳንዱ በዚያው ከተማ ጠፍቶ ይቀራል። ሲመጣ በመዝሙር የተቀበለው ጉባኤ ሲሄድ አይሸኘውም፤ ብዙ ጊዜም መሄዱን አያውቅም። በዚያች ሌሊት ሁለት ወንድሞች ክፍሉ ገብተው አብረውት ቢያድሩ፥ በማለዳ ሻንጣውን ይዘው እስከ መናኸሪያው ቢሸኙት፥ ቲኬቱን ቢቈርጡለት፥ መሪያቸውም የአገሩን ካህን በስልክ ጠርቶ «ልጅዎ እየመጣ ነውና ከወላጆቹ በፊት እርስዎ ተቀበሉት» ቢላቸው ያ ልጅ ወደ ቤቱ ይደርሳል። ለዚህም የእያንዳንዱን ተማሪ ደብርና የንስሐ አባቱን ስልክ በገባባት ቀን በመዝገብ ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል።